አሮጌ ባቡር ጣቢያን ሙዚየም ለማድረግ፦ ከቀለም በፊት የሚቀድመው ብዙ ነው

አንድ የጥር ቀን አንድ ታድሶ የተመረቀ አሮጌ የድንጋይ ቤት ፊት ቆሜ፣ የልስኑን ጠርዝ በሃምሳ ሳንቲም ነካ አደረግኩት። ሳህን የሚያህል የሲሚንቶ ልስን እንደ ደረቀ የዳቦ ቅርፊት ተነስቶ እግሬ ስር ወደቀ። ከጀርባው ያለው ድንጋይ እርጥብ ነበር። በጥር! ጥር ላይ አዳማ ምን ያህል እንደምትደርቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቤቱን ያደሱት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ከልባቸው ለፍተዋል፣ ገንዘብም አፍስሰዋል። ልስኑ ግን ውሃውን ውስጥ አፍኖ ይዞት ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ የልስን ቁራጭ እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው። የአዳማ አሮጌ ባቡር ጣቢያ የትራንስፖርት ሙዚየም ቢሆን እያልን ብዙ ጊዜ እናወራለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከቀለም፣ ከሴራሚክ እና ከምረቃ ነው። እኔ ደግሞ ከውሃ፣ ከወረቀት እና ከኖራ ይጀመር ባይ ነኝ። ሙዚየሙ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ቅርስ ሕንፃው ራሱ ነው። እሱን አዲስ ካደረጋችሁት አንድ ቅርስ ጎድሎባችኋል።

የምጽፈው አዳማን እያሰብኩ ነው። ለሞጆም፣ ለመተሐራም፣ ለአዋሽም ግን ይሠራል።

መጀመሪያ፦ በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

ታሪኩን በአጭሩ ልበል። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ እና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሙሴ ሸፍኔ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ትልቁ የለገሃር ጣቢያ ተሠርቶ የተመረቀው ግን በ1922 ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አዲስ አበባ ላይ እንኳ ባቡሩ ከገባ በኋላ ዋናው ሕንፃ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ዘግይቷል።

ስለዚህ «ባቡሩ በዚህ ዓመት ስላለፈ ሕንፃውም የዚያ ዓመት ነው» ብላችሁ እንዳትነሱ። አንድ ጣቢያ ውስጥ የሦስት ዘመን ሥራ ሊኖር ይችላል። አንዱ ክፍል ድንጋይ በኖራ፣ ሌላው ጡብ፣ የኋላው መጋዘን ደግሞ ብሎኬት ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለየ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በየክፍሉ ለኩ። በድንገት ከ60 ወደ 20 ሴንቲሜትር ካነሰ፣ እዚያ ጋ ሌላ ዘመን ጀምሯል ማለት ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ቋንቋው ነው። የምድር ባቡር መሥሪያ ቤቱ ለረጅም ዘመን የሠራው በፈረንሳይኛ ነው። ፕላኑም፣ የዕቃ መዝገቡም፣ ደብዳቤውም በፈረንሳይኛ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ አንድ ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ከሌለ አሁኑኑ ፈልጉ። ከመሐንዲስ ቀጥሎ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ባለቤትና ፈቃድ

ይሄ አሰልቺ ክፍል ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ግን አትዝለሉት።

ሕንፃው፣ መሬቱ እና ሐዲዱ የአንድ ባለቤት ላይሆኑ ይችላሉ። ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። «ችግር የለም፣ ጀምሩ» የሚል የቃል ፈቃድ ሰውየው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ከዚያ የቅርሱ ጉዳይ አለ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገናና እድሳት አስቀድሞ ይሁንታ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ የሚመለከተው ቅርስ ባለሥልጣኑን ነው። በክልሉ ባህልንና ቱሪዝምን የያዙትን መሥሪያ ቤቶች እና የከተማውን አስተዳደርም ከመጀመሪያው ቀን አሳውቁ። ይዛችሁ የምትቀርቡት ሰነድ ቀላል ይሁን፦ ፎቶ፣ ፕላን፣ የጉዳት ዝርዝር፣ ምን በምን እንደሚጠገን፣ ማን እንደሚሠራው። ሃያ ገጽ ይበቃል። ቢሮ ውስጥ ያለው ባለሙያ የሚፈራው አፍርሶ የሚሠራ ሰው ነው። ምን እንደማትነኩ ዘርዝራችሁ ስትሄዱ ፊቱ ይፈታል።

ሳትነኩት መዝግቡት

መጥረጊያ እንኳ ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይኑረው። አራቱም ግድግዳ፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ በር፣ መስኮት ይነሳ። ፎቶው ውስጥ ሜትር ወይም ማስመሪያ ይታይ። የስልክ ካሜራ በቂ ነው። ፎቶዎቹን ግን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉ። ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ አንዱ ከአዳማ ውጪ ይሁን።

ልኬት ስትወስዱ የክፍሉን አራት ጎን ብቻ አትለኩ። ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍም ለኩ። አሮጌ ቤት ቀጥ ያለ ጥግ የለውም። ሰያፉን ካልያዛችሁ ፕላኑ ወረቀት ላይ አይገጥምላችሁም።

ቆሻሻውንም ቶሎ አትጣሉት። የወደቀ ኮርኒስ ስር የተቀደደ ትኬት፣ የፋክቱር ቁራጭ፣ የቁልፍ ታርጋ ሊኖር ይችላል። በወንፊት አሳልፉት። ሠራተኞቹ ይስቁባችኋል፣ ይሳቁ።

ግድግዳ ላይ የቆየ ጽሑፍ ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ይቺ ከተማ አዳማም ናዝሬትም ተብላለች፣ ስሙም ከፖለቲካው ጋር ተቀያይሯል። ከቀለም ስር የትኛውም ስም ቢወጣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መፋቅ የእናንተ ሥራ አይደለም። የወጣውን ሁሉ እንዳለ አቆዩት።

ስንጥቁን ተከታተሉት

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቶ ነበር። ስለዚህ ስንጥቅ ስታዩ «ያረጀ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው?

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልስኑን አንሱና ግንቡ ራሱ ላይ፣ ስንጥቁን አቋርጦ እንደ ድልድይ ስስ የጂፕሰም ምልክት ለጥፉ። ቀኑን ጻፉበት። በየሁለት ሳምንቱ እዩት። ጂፕሰም ግትር ነው። ግድግዳው ፀጉር ታህል ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ቢቻል አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተከታተሉ፣ ምክንያቱም መሬቱ ሲረጥብና ሲደርቅ ጠባዩ ይለያያል። ምልክቱ ከተሰነጠቀ ሥራው የግንበኛ መሆኑ አበቃ። የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ።

ውሃ

አሮጌ ሕንፃ የሚሞተው በውሃ ነው። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ ለጣሪያውና ለፍሳሹ አውሉት። የቀረው አምስት ዓመትም ቢቆይ አይገድለውም።

ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ አሸንዳው፣ መውረጃ ቱቦው። የአዳማ ነፋስ ቀልድ አይደለም። ከከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለጌጥ አልተተከሉም። የላላ ቆርቆሮ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጣሪያው አሮጌ የአስቤስቶስ ንጣፍ ከሆነ ግን አትስበሩት፣ አትቁረጡት፣ አትቦርቡሩት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። በሚያውቅ ባለሙያ ይነሳ።

ከዚያ ወደ መሬት ውረዱና የምነግራችሁን ፈትሹ። በር ላይ ቆማችሁ ወለሉን ከውጪው መሬት ጋር አወዳድሩ። ሕንፃው ሲሠራ ወለሉ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ በየጊዜው ገረገንቲ ተደፋ፣ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ግቢው ከፍ እያለ መጣ። አሁን ውጪው ከወለሉ እኩል ወይም በላይ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ከሆነ ግድግዳው እግሩን ኩሬ ውስጥ ነክሮ ነው የሚኖረው። መፍትሔው ቆፍሮ ዝቅ ማድረግ እና ውሃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ መሥራት ነው። በእጅ ቆፍሩ፣ በኤክስካቫተር አይደለም። ስትቆፍሩ የድሮውን ቦይ ልታገኙት ትችላላችሁ። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር።

ግድግዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ካለ ነቅላችሁ አታውጡት፣ ድንጋዩን ይዞት ይመጣል። ቁረጡት፣ ሥሩ ይድረቅ፣ ከዚያ ክፍተቱን ሙሉት።

ይህ ሁሉ ከሰኔ በፊት ይለቅ።

ኖራው

ወደ ሳንቲሟ ልመለስ።

የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ይተነፍሳል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በኖራው በኩል ወደ ውጪ ይወጣል፣ ነፋሱ ያደርቀዋል። ሲሚንቶ ስትለስኑበት መውጫውን ዘጋችሁበት። ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጨው ይዞ ይወጣል ይገባል፣ ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ድንጋዩን ይገፋዋል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ከአሮጌው ድንጋይ በላይ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ የሚሰበረው መገጣጠሚያው መሆን ሲገባው፣ ድንጋዩ ራሱ ይሰበራል። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ እሺ ይላል።

መጀመሪያ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ። ከመገጣጠሚያው ትንሽ ፍርፋሪ አውጡና በሚስማር ፋቁት። በቀላሉ ከተፈረፈረ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ሲገባ አረፋ ደፍቆ ከተበተነ እና አሸዋው ብቻ ከቀረ፣ ኖራ ነው። ጠንክሮ ከቆየ ሲሚንቶ አለበት። ብሎኬት የሆነውን ክፍል በኖራ ካልለሰንኩ ብላችሁ ደግሞ አትድከሙ። ይህ ሁሉ የምለው ለአሮጌው ድንጋይ ነው።

ኖራ ከሁለት መንገድ ይገኛል። በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ቀላል ነው። የተሻለው ግን ከእቶን የወጣውን ጥሬ ኖራ ራሳችሁ ውሃ አጠጥታችሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማቆየት ነው። እዚህ ጋ ጥንቃቄ! ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ይኑር። ኖራውን ቀስ እያላችሁ ውሃው ውስጥ ጨምሩ። በተቃራኒው ውሃውን ኖራው ላይ አትድፉት። ከበረደ በኋላ ላዩ ላይ ውሃ እንደተኛበት ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ። አይብ እስኪመስል። በቆየ ቁጥር ይሻላል።

መነሻ ልኩ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። አሸዋው ታጥቦ ይሁን፣ ውሃውም ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ አይሁን። አሁን ደግሞ አዳማ ሁሉም ቦታ የሌለ ጸጋ አላት። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ በዙሪያችን ሞልቷል። ፑሚስ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። በደንብ ተፈጭቶና ተነፍቶ ከኖራ ጋር ሲቀላቀል፣ እርጥብ ቦታ ላይም ይጠነክራል። የጥንት ሮማውያን ወደብ የሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ለግድግዳው እግር ይሆናችኋል። ግን ልኩን ከመጽሐፍ አትገልብጡ። ከጀርባ ያለ የማይታይ ግድግዳ ምረጡ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ አራት የሙከራ ልስኖች በአራት ልክ ሥሩ፣ ቁጥር ስጧቸው፣ አንድ ክረምት ይለፍባቸው። የቱ እንደሚያዋጣ ግድግዳው ይነግራችኋል።

አለሳሰኑ ላይ የሲሚንቶ ልማድ ይዞ የሚመጣ ግንበኛ ይቸኩላል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው። ቀስ ብሎ ነው፣ በወር ጥቂት ሚሊሜትር። ስለዚህ ግድግዳውን ከማታ ጀምሮ አርጥቡት። ጠዋት ማለዳ ጀምሩ፣ ነፋሱ ሲነሳ አቁሙ። እያንዳንዱ ሽፋን ከአንድ ሴንቲሜትር አይብለጥ። በመካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይረፍ። ከፊቱ ደግሞ የረጠበ ጆንያ ስቀሉበት። አዳማ ላይ ጆንያ ያልተሰቀለለት ኖራ ከሰዓት በኋላ እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጣጠቃል። አይቼዋለሁ፣ ሠርቼዋለሁም። ሙሉ ግድግዳ አፍርሼ ደግሜ ለስኛለሁ።

የድሮው የሲሚንቶ ልስን ሲነሳም በመዶሻና በመሮ፣ በእርጋታ። ድንጋዩን ይዞ የሚመጣ ከሆነ ተዉት። ከአንዳንዱ ጥፋት ጋር አብሮ መኖር ይሻላል።

እንጨት፣ ብረት፣ ኤሌክትሪክ

በርና መስኮቱን አውልቆ በአሉሚኒየም መተካት የሚል ሐሳብ ይመጣል። በፍጹም። የበሰበሰ የበር እግር ተቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት ይቀጠላል። ጎበዝ አናጢ በቀን ሁለት ይሠራል። ምስጥ ካለ ግን መጀመሪያ መንገዱን ፈልጉ። አፈር የነካ እንጨት አይኑር። በነገራችን ላይ የዚህ መስመር ሠሪዎች ምስጥን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ከሐዲዱ ስር የተጋደሙት አግዳሚዎች ብረት የሆኑት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትሞርዱት። እያራሳችሁ ፋቁ፣ ጭምብል ይደረግ፣ ልጆች አይኑሩ። ከመፋቃችሁ በፊት አንድ የማይታይ ጥግ ላይ፣ በምላጭ የቀለሙን ንብርብር እንደ ደረጃ እየገለጣችሁ ቁጠሩ። የታችኛው የመጀመሪያው ቀለም ነው። ያችን ትንሽ ጥግ ሳትቀቡ ተዉአት፣ ጎብኚ የሚወዳት እሷን ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ ተቦርቡሮ አይቀበር። በቱቦ ከላይ ይሂድ። ያስጠላል የሚሉ አሉ፣ ይሁን። ነገ ሲነቀል ግድግዳው አለ።

ውስጡ ምን ይታይ?

እዚህ ላይ ብዙ ሙዚየም ይሳሳታል። ያገኙትን ሁሉ ይደረድራሉ። እናንተ አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ። አዳማ ለምን እዚህ ሆነች? መልሱ መንገድ ነው። ባቡሩ፣ ከዚያ የጅቡቲ ከባድ መኪና፣ በ2007 የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር። መሃል ላይ ደግሞ ጋሪና ባጃጅ። ጋሪ የሌለው የአዳማ ትራንስፖርት ሙዚየም የውሸት ነው። የድሮው የጭነት መኪና ኤንትሬም ሊኖር ይገባል፣ ባይሆን አንድ መሪ እና አንድ በር። የዚያን መኪና ድምፅ የሚያስታውስ ሰው በሩን ብቻ አይቶ ሰዓት ሙሉ ያወራል።

ርካሽ የሆኑ፣ ልጅ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛው በግቢው ወለል ላይ በቀለም የሚሠመር ነው። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አሥምሩ። ልጁ አንድ እግሩን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ያደርጋል። የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ለምን እንደማይሄድ አስጎብኚ ሳያስረዳው ይገባዋል።

ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ነው። የድሮው መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከፍታውን በአንድ መስመር ሳሉት፣ 1 ሴንቲሜትር ለ20 ሜትር። ጅቡቲ ወለሉ ላይ ነች። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች 60 ሴንቲሜትር ላይ፣ የልጅ ወገብ ጋ ትሆናለች። ከዚያ መስመሩ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ 50 ሴንቲሜትር ገደማ። ከአዋሽ አዳማ እንደገና ሽቅብ፣ 85 ሴንቲሜትር። አዲስ አበባ ከ115 በላይ። ሎኮሞቲቩ ከአዋሽ ወዲህ ለምን ያቃስት እንደነበር በጣት መከተል ይቻላል።

መግለጫዎቹ አጭር ይሁኑ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን። የፊደሉ መጠን አያትየው ያለ መነጽር የሚያነቡት ይሁን። «ባቡር» የሚለውን ቃል ራሱን አንድ ሰሌዳ ስጡት። ወፍጮውንም ባቡር እንላለን፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ደግሞ «ምድር ባቡር» ብለን ለየነው። ጎብኚው በአፉ ሲላት የኖረውን ነገር ግድግዳ ላይ ሲያይ ይገረማል።

ዕቃና ሰው መሰብሰብ

ሐዲድ የአጥር ቋሚ ሆኖ፣ የብረት አግዳሚ የቦይ መሻገሪያ ሆኖ አይቻለሁ። ከቆራሌው ሐዲድ አትግዙ። አንዴ ከገዛችሁ በሳምንቱ ሌላ ተቆርጦ ይመጣላችኋል። የመንግሥት ንብረት ነውና በደብዳቤ፣ በባለቤቱ በኩል ብቻ ተቀበሉ።

ከቤተሰብ ለሚመጣ ዕቃ ግን በሩን ክፈቱ። የአባት ኮፍያ፣ ፋኖስ፣ ፊሽካ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ሊቶሪና፣ ማለትም ሰው የሚጭነው ባለሞተር ባቡር፣ ፊት የተነሱት ፎቶ። ዕቃው ሲመጣ በዚያው ሰዓት ቁጥር ይሰጠው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ፣ ስንተኛ ርክክብ እንደሆነ፣ ስንተኛ ዕቃ እንደሆነ። በመዝገብ፣ በእስክሪብቶ፣ በእጅ። ኮምፒውተር ላይም ይግባ፣ መዝገቡ ግን ይቅደም። ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ይህን ያልጻፈ ሙዚየም ከአሥር ዓመት በኋላ ከልጅ ልጆች ጋር ይካሰሳል።

ፎቶና ወረቀት ከሆነ ስካን አድርጋችሁ ዋናውን ለቤተሰቡ መመለስም ይቻላል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲባል ነው ሳጥኑን የሚከፍተው።

የድሮ ሠራተኞችን ድምፅ መቅረጽ ከዕቃ ይቀድማል፣ ዕቃ ይቆያል። በስልክ ይቀረጽ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ከሚናገሩት ሰው አንድ ክንድ ርቀት ላይ። «ስለ ሥራዎ ይንገሩን» አትበሉ፣ ንግግር ያደርጉላችኋል። «ጋሼ፣ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚነኩት ዕቃ ምን ነበር?» በሉ። እንዲህ ብዬ የጠየቅኳቸው አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ዝም ብለው ቆዩና፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው የማይታይ እጀታ አዞሩ። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ።

ሲጨርሱ «አሮጌ ሎኮሞቲቭ ብናገኝ ቀለም እንቀባት እንዴ?» አልኳቸው።

«ቅቧት» አሉኝ፣ «ቁጥሯን ግን እንዳትነኩ። ቁጥሯ ከጠፋ ማን እንደነበረች በምን ታውቃላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። የፋብሪካ ታርጋና የተቀረጸ ቁጥር በሽቦ ብሩሽ አይነካም። በለስላሳ ብሩሽና በጨርቅ ብቻ ይጸዳ፣ ስስ ሰም ይቀባ። ሎኮሞቲቭ ወይም ፉርጎ ለማምጣት ካሰባችሁ ደግሞ ክብደቱን ቀድማችሁ እወቁ። ክሬን፣ ሎቤድ (ከባድ ዕቃ የሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ)፣ ከስሩም የራሱ ሐዲድ ያለው ጠንካራ መሠረት ይፈልጋል። ከላዩ መጠለያ ከሌለ ይቅርባችሁ፣ ዝገት ለማየት የሚከፍል የለም። አሮጌዎቹን የሚያውቁ እጆች ለማግኘት ድሬዳዋ ሂዱ። የመስመሩ ትልቁ ወርክሾፕ የነበረው እዚያ ነው።

አቧራና ፀሐይ

አዳማ ላይ የሙዚየም ጠላት አቧራ ነው። በነፋሱ በኩል ያለውን በር ዝጉና በሌላው አስገቡ። ካልተቻለ መግቢያው ላይ ሁለት በር የተከታተለበት ትንሽ ክፍል ይሁን፣ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ። የመስታወት ሳጥኖቹ ጠርዝ ላይ ጎማ ይደረግ። ስታጸዱ በእርጥብ ጨርቅ አትሹ። የፑሚስ ብናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጉ።

ወረቀትና ፎቶ ፀሐይ አይየው። ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የማይበልጥ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይበቃዋል። ዋናው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ቅጂው ቢሰቀል ደግሞ ማንም አይከፋም።

የሚያኖረው ነገር

ለእድሳት ገንዘብ የሚሰጥ ይገኛል፣ ሪባን መቁረጥ አለበትና። ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለአሸንዳ ጠራጊ ግን ማንም አይሰጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነውን ለጥገና ለይታችሁ አስቀምጡ። የቀድሞው መጠበቂያ ክፍል ቡና ቤት ይሁን፣ ኪራዩ ለሙዚየሙ ይግባ። አዋሽ ላይ የጣቢያው ቡፌ ባቡሩ ካለፈ በኋላም ሰው ሲያስተናግድ የኖረ ነው። ትምህርት ቤቶችን በሳምንት አንድ ቀን በነፃ አስገቡ። ልጆቹ ቅዳሜ ወላጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

አንድ የጥገና መዝገብ በር አጠገብ ይሰቀል። አሸንዳ የተጠረገበት ቀን፣ የተቀየረ ሚስማር፣ የጂፕሰሙ ምልክት ሁኔታ። የጻፈው ሰው ይፈርምበት።

ከዚያ የመጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ ሲጥል ጃንጥላና ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ፀሐይ እስኪወጣ አትጠብቁ። ሕንፃውን አንድ ጊዜ ከውጪ ዙሩት፣ አንድ ጊዜ ከውስጥ። ውሃው የት እንደሚንጠባጠብ፣ የት እንደሚተኛ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ግንበኛውን ጥሩት። መስከረም ላይ ሥራው ከዚያ ይቀጥላል።